ሀይበርኔት ስፓሻልና ፖስትጂአይኤስ፦ «በ500 ሜትር ውስጥ» ብዬ ስጠይቅ የሠንጠረዡ ረድፍ ሁሉ ይመጣል

ነጥብ_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ጃቫ 17፣ ስፕሪንግ ቡት 3፣ ሀይበርኔት 6 (የጃቫ ኦብጀክትን ከዳታቤዝ ሠንጠረዥ ጋር የሚያገናኝ ኦአርኤም) ከስፓሻል ሞጁሉ ጋር፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል ከነፖስትጂአይኤስ (የቦታ መረጃ ማስፋፊያው)። «ጣቢያ» የሚባል ኤንቲቲ (ከሠንጠረዥ ጋር የተያያዘ የጃቫ ክላስ) አለ፤ «መገኛ» የተባለው ፊልድ የጄቲኤስ (የጃቫ ጂኦሜትሪ ላይብረሪ) ፖይንት ነው፣ ኮለሙም «ጂኦሜትሪ(ፖይንት፣ 4326)» ተብሎ ተፈጥሯል (4326 የሎንጊቲዩድና ላቲቲዩድ ሥርዓት ቁጥር ነው)። 400 ሺህ ያህል ረድፍ በስክሪፕት ገብቶበታል።

ያስቸገሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፦

1. ከአፕሊኬሽኑ አዲስ ጣቢያ ሳስቀምጥ የጂኦሜትሪው ኤስአርአይዲ (የኮኦርዲኔት ሥርዓቱ መለያ ቁጥር) 0 ከኮለሙ 4326 ጋር አይገጥምም ብሎ ይጥለዋል።
2. በኤችኪውኤል (በሀይበርኔት የጥያቄ ቋንቋ) «ኤስቲ_ዲዊዚን(ጣ.መገኛ፣ :ማዕከል፣ 500) = ትሩ» ብዬ ስጠይቅ 400 ሺውም ረድፍ ይመለሳል። እዚህ ማዕከሉን በእጄ 4326 አስይዤዋለሁ።
3. ኤንቲቲውን ከሬስት ኮንትሮለር ስመልሰው ስታክ ኦቨርፍሎው ይሆናል።

ስኬማ_ጠባቂ
ከመጀመሪያው ልነሳ። ጂኦሜትሪፋክተሪ ያለ አርጉመንት ከተፈጠረ ከእሱ የሚወጣው ነጥብ ሁሉ ኤስአርአይዲው 0 ነው። ጄቲኤስ ስለ ዲግሪም ስለ ሜትርም አያውቅም፤ ቁጥሩን ተሸክሞ ያደርሳል። የሚቆጣጠረው ፖስትጂአይኤስ ነው፣ እሱም በር ላይ መለሰህ።

በየቦታው ሴትኤስአርአይዲ እየጠራህ አትሂድ፣ አንዱ ጋ መረሳቱ አይቀርም። አንድ ፋክተሪ ብቻ «ኒው ጂኦሜትሪፋክተሪ(ኒው ፕረሲዥንሞዴል()፣ 4326)» ብለህ ፍጠርና እንደ ስፕሪንግ ቢን አስመዝግበው፤ ነጥብም ፖሊጎንም በእሱ በኩል ብቻ ይፈጠር። ብዙ ትሬድ በጋራ ቢጠቀምበት ችግር የለውም። ደብልዩኬቲሪደር (ጂኦሜትሪን ከጽሑፍ የሚያነበውን) የምትጠቀም ከሆነም ይህንኑ ፋክተሪ ስጠው፤ ካልሰጠኸው ባለ 0 የሆነውን የራሱን ይፈጥራል።

እግረ መንገዴን፦ በኮኦርዲኔት ውስጥ ኤክስ ሎንጊቲዩድ ነው፣ ዋይ ላቲቲዩድ። በቃል «ላትሎን» ማለት ስለለመድን በጣም ይገለበጣል። ሁለቱም ቁጥሮች ከ90 በታች ከሆኑ ምንም ስህተት አይታይም፣ ነጥቡ ዝም ብሎ ሌላ አህጉር ላይ ያርፋል። ሎንጊቲዩዱ ከ90 ሲያልፍም ቢሆን የጂኦግራፊ ዓይነቱ (ፖስትጂአይኤስ በክብ ምድር ላይ በሜትር የሚለካበት) አይጥለውም፤ ቁጥሩን ወደሚፈቀደው ክልል አስገድዶ ያስገባና ኖቲስ ብቻ ይጽፋል፣ ያን ኖቲስ ደግሞ ከጃቫ በኩል የሚያነበው የለም። ስለዚህ ሁለት ደብል ተከታትለው የሚቀበል ሜተድ አይኑርህ። «ሎን» እና «ላት» የሚሉ ስም ያላቸው ፊልዶች የያዘ ሬከርድ ተቀበል፣ ወደ ፖይንት የሚቀየርበትም ቦታ አንድ ብቻ ይሁን።

ወሰን_አስማሪ
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ኮለሙ ጂኦሜትሪ ሆኖ 4326 ከሆነ ርቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። «500» ያልከው 500 ዲግሪ ሆኗል። ዓለም በዚህ መለኪያ ስፋቷ 360፣ ቁመቷ 180 የሆነ አራት ማዕዘን ናት፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ትልቁ ርቀት 402.5 ገደማ ነው። ስለዚህ 500 ስትል የሚቀር ረድፍ ሊኖር አይችልም። ፖስትጂአይኤስ የመለሰልህ ልክ የጠየቅኸውን ነው።

500ን ለ111 ሺህ አካፍሎ 0.0045 መስጠት በየኮዱ የሚታይ አቋራጭ ነው፤ እባክህ አትግባበት። የላቲቲዩድ አንድ ዲግሪ በየትም ቦታ 111 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን የሎንጊቲዩድ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅህ ቁጥር ይጠባል፣ 60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ይሆናል። ክብ የመሰለህ ወደ ሞላላ ይቀየራል፣ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉትም ጣቢያዎች ሳይታወቅ ይጎድላሉ።

ትክክለኛ መንገዶቹ ሁለት ናቸው። መረጃው በአንድ የዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ (ዞኑ 6 ዲግሪ ስፋት አለው፣ በጠቅላላው 60 ናቸው) ኮለሙን በዚያ ዞን ኤስአርአይዲ አስቀምጠው፤ መለኪያው በቀጥታ ሜትር ይሆናል፣ ኤችኪውኤልህም ሳይነካ ይሠራል። ከዞን ዞን የሚዘል ከሆነ ወደ ጂኦግራፊ ቀይረህ ለካ፦

ሰሌክት ጣ.* ፍሮም ጣቢያ ጣ
ዌር ኤስቲ_ዲዊዚን(
  ካስት(ጣ.መገኛ አዝ ጂኦግራፊ)፣
  ካስት(ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ(ኤስቲ_ሜክፖይንት(:ሎን፣ :ላት)፣ 4326) አዝ ጂኦግራፊ)፣
  :ሜትር)

ይህ ኔቲቭ ኩዌሪ ነው፣ ማለትም የዳታቤዙ የራሱ ኤስኪውኤል። «ካስት» ብዬ በሙሉ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የፖስትግሬስን አጭር መንገድ፣ ድርብ ኮለኑን፣ ከተጠቀምህ ከፓራሜትር ምልክቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

3857ን (የድር ካርታዎችን ኤስአርአይዲ) ለርቀት እንዳትጠቀም። ሜትር ነው ይባላል፣ ግን ለኮሳይን ላቲቲዩድ ተካፍሎ የተለጠጠ ሜትር ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ 500 ያልከው መሬት ላይ 250 ነው። ለካርታ ሥዕል የተሠራ ነው፣ እዚያው ይቅር።

ሰማያዊ_ፒክስል
ሦስተኛው ቀላል ነው። ጃክሰን (ኦብጀክትን ወደ ጄሰን የሚቀይረው) የፖይንቱን ጌተሮች አንድ በአንድ ይጠራል፤ «ጌትኤንቨሎፕ» የሚመልሰው ደግሞ መልሶ ጂኦሜትሪ ነው፣ የነጥብ ኤንቨሎፕም ያው ነጥብ ነው፤ ማብቂያ የለውም። ወይ ለጄቲኤስ የተሠራውን የጃክሰን ሞጁል ጨምር፣ ጂኦጄሰን አድርጎ ያወጣልሃል፤ ወይ ዲቲኦ (መረጃ ለማስተላለፍ ብቻ የሚሠራ ቀላል ኦብጀክት) መልስ። የእኔ ምርጫ ዲቲኦ ነው፦ መለያ፣ ስም፣ ሎን፣ ላት። ካርታ የሚስለው ፍሮንትኤንድ ጂኦጄሰን ካስፈለገው በጂኦጄሰን መስፈርት ሎንጊቲዩድ ቀድሞ እንደሚመጣ አስታውሱት፤ አንዳንድ የካርታ ላይብረሪዎች ላቲቲዩድን ስለሚያስቀድሙ መገልበጡ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ድንበር ላይ ነው።

ነጥብ_ፈላጊ
በጣም አመሰግናለሁ። ፋክተሪውም ዲቲኦውም ሠርተዋል፤ የሚመለሱት ጣቢያዎችም አሁን ትክክል ናቸው። ግን ቀርፋፋ ነው። ኤክስፕሌይን አናላይዝ ሳደርግ «ሴክ ስካን» ይላል፣ 400 ሺውንም ረድፍ እየነካ። መገኛ ላይ ጂስት (የቦታ) ኢንዴክስ አለ። ለምን አይጠቀምበትም?

ስኬማ_ጠባቂ
ኢንዴክሱ የተሠራው በጂኦሜትሪ ነው፣ ኩዌሪህ የሚጠይቀው በጂኦግራፊ ነው። ለፕላነሩ (ኩዌሪው እንዴት እንደሚሠራ ለሚወስነው የዳታቤዙ ክፍል) ሁለቱ የተለያዩ ኤክስፕሬሽኖች ናቸው። በኤክስፕሬሽኑ ላይ ኢንዴክስ ሥራ፦

ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ ጣቢያ_መገኛ_ጂኦግ ኦን ጣቢያ ዩዚንግ ጂስት ((ካስት(መገኛ አዝ ጂኦግራፊ)))

ቅንፉ ተደራርቦ የመጣው በስህተት አይደለም፣ ኤክስፕሬሽኑ የራሱን ቅንፍ ይፈልጋል። «ኮንከረንትሊ» በትራንዛክሽን ውስጥ ስለማይሠራ በፍላይዌይ (የስኬማ ለውጥ ማስኬጃ መሣሪያ) ማይግሬሽን ውስጥ ብቻውን በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ «አናላይዝ» አስኪድ፤ የኤክስፕሬሽን ኢንዴክስ የራሱ ስታቲስቲክስ አለው፣ አናላይዝ ካልተደረገ ፕላነሩ በግምት ነው የሚሄደው።

ሲሳካ በፕላኑ ላይ «ኢንዴክስ ኮንድ» የሚል መስመር ታያለህ፣ ከሥሩም «ፊልተር»። መጀመሪያ በሳጥን ያጣራል፣ ከዚያ በሳጥኑ የተረፉትን በትክክል ይለካል። ፊልተር ብቻ ከታየ ኢንዴክሱ አልተነካም ማለት ነው።

ኢንዴክሱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉ ሌሎች አጻጻፎችም አሉ፣ ሁሉም በኮድ ግምገማ ላይ ዓይን የሚያልፋቸው ናቸው። «ኤስቲ_ዲስታንስ ከ500 ያንሳል» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል፣ ግን እያንዳንዱን ረድፍ ይለካል። በኮለሙ በኩል ኤስቲ_ትራንስፎርም ወይም ኤስቲ_በፈር ማድረግም እንደዚሁ። ለውጡ ሁልጊዜ በፓራሜትሩ በኩል ይሁን፣ ኮለሙ ኢንዴክስ በተሠራበት መልኩ ይተው።

ይህን ሁሉ ከሀይበርኔት የዲዲኤል (የሠንጠረዥ መፍጠሪያ ኤስኪውኤል) ማመንጫ አትጠብቅ። «ኢንዴክስ» የሚለው አኖቴሽን የሚያወጣው ቢትሪ (ተራው ኢንዴክስ) ነው፤ ለቦታ ጥያቄ አይረዳም፣ ፖሊጎን ላይ ካደረግኸው ደግሞ ትልቁ ፖሊጎን ሲገባ ከ2704 ባይት በላይ ሆነ ብሎ ኢንሰርቱን ይጥላል። ስኬማው በማይግሬሽን ይሠራ፣ ሀይበርኔት «ቫሊዴት» ብቻ ያድርግ።

ቀጥታ_ኤስኪውኤል
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እስካሁን የተባለው ሁሉ ኔቲቭ ኩዌሪ፣ በእጅ የተጻፈ ኢንዴክስ፣ በእጅ የተጻፈ ዲቲኦ ነው። ታዲያ ኦአርኤሙ ምን ሠራ? በጄዲቢሲ ቴምፕሌት (ኤስኪውኤልን በቀጥታ በሚልከው የስፕሪንግ መሣሪያ) ቢጻፍ አይቀልም?

ወሰን_አስማሪ
ጥያቄው ተገቢ ነው። ንባብ ብቻ ላለው ሰርቪስ በአንተ እስማማለሁ፣ ጄዲቢሲ ቴምፕሌት ይበቃዋል።

ጣቢያው ግን መገኛ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት አለው፣ ሁኔታ አለው፣ የሥራ ሰዓት አለው፣ በቨርዥን ኮለም የሚጠበቅ ኦፕቲሚስቲክ ሎክ አለው። አንድ ሰው ስሙን፣ ሌላው መገኛውን እኩል ሲያርሙ አንዱ የሌላውን እንዳይደመስስ ግጭቱን የሚይዘው ኦአርኤሙ ነው። ጂኦሜትሪውም ከደብልዩኬቢ (የጂኦሜትሪ ባይናሪ ቅርጽ) ወደ ጄቲኤስ ሲመጣና ሲመለስ የሚቀይረው ስፓሻል ሞጁሉ ነው። እኔ የማሰምረው መስመር ይህ ነው፦ ማስቀመጥና በመለያ መጫን በኤንቲቲ፤ «የት ነው፣ ምን ያህል ይርቃል፣ በምን ውስጥ ነው» የሚለው ጥያቄ በኤስኪውኤል፣ ውጤቱም በፕሮጀክሽን (የሚፈለጉትን ኮለሞች ብቻ በማውጣት)። ክራይቴሪያ ኤፒአይ ተጠቅሞ የቦታ ጥያቄ መገንባት ይቻላል፤ የተገነባውን ግን ፕላኑ ሲበላሽ የሚያነበው ሰው ያለቅሳል።

ቀጥታ_ኤስኪውኤል
ቨርዥኑን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ መልኩ ተቀብያለሁ።

አሮጌ_ዋር
እኛ ጋ ገና ሀይበርኔት 5 ነው፣ በቶምካት ላይ የሚሄድ። ኢንሰርት ሳደርግ «ኮለሙ ጂኦሜትሪ ነው፣ ኤክስፕሬሽኑ ግን ባይትኤ ነው» ይለኛል። ዲፔንደንሲው አለ።

ስኬማ_ጠባቂ
ሀይበርኔት ፊልድህን እንደ ጂኦሜትሪ አላወቀውም፤ ሲሪያላይዝ አድርጎ እንደ ባይት ነው የላከው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሽ፦

ኢምፖርቱን ተመልከት። ፖይንት የሚባል ክላስ በኤደብልዩቲም በስፕሪንግ ዳታም አለ፤ አይዲኢው የመጀመሪያውን ያስገባልሃል። ትክክል ከመሰለህም ፓኬጁን አንብብ፦ ጄቲኤስ ከ1.15 ጀምሮ ከቪቪድሶሉሽንስ ወደ ሎኬሽንቴክ ተዛውሯል። አሮጌው ጃር በሌላ ላይብረሪ በኩል ገብቶ ሁለቱም ክላስፓዝ ላይ ካሉ ስማቸው አንድ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ነው። የሜቨንን የዲፔንደንሲ ዛፍ አውጣና አሮጌውን ኤክስክሉድ አድርግ።

ቀጥሎ ዳያሌክቱ (ሀይበርኔት የየዳታቤዙን ቋንቋ የሚያውቅበት ቅንብር)። በ5 ላይ የፖስትጂአይኤሱን ዳያሌክት በስሙ መጥቀስ ግዴታ ነው፣ ተራው የፖስትግሬስ ዳያሌክት ጂኦሜትሪ አያውቅም። በ6 ይህ ቀርቷል፤ ሞጁሉ ክላስፓዝ ላይ መኖሩ ይበቃል፣ የድሮውን የስፓሻል ዳያሌክት መስመር ከፕሮፐርቲው ላይ ማውጣት ነው። በመጨረሻም የስፓሻል ሞጁሉ ቨርዥን ከሀይበርኔት ኮር ጋር እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል ይሁን።

የፖስትጂአይኤስ ኤክስቴንሽኑ በሌላ ስኬማ ውስጥ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ «ጂኦሜትሪ የሚባል ዓይነት የለም» የሚል ሌላ ስህተት ይመጣል። ያኔ የኮኔክሽኑ «ሰርች_ፓዝ» ያንን ስኬማ መያዙን ፈትሽ።

አሮጌ_ዋር
ሁለት ጄቲኤስ ነበር። አሮጌውን በጂኦቱልስ በኩል የገባ ሆኖ አገኘሁት። ተፈታ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሰማያዊ_ፒክስል
ፖሊጎን ያላችሁ ደግሞ ይህን አስቡበት። አንድ ጫፍ ሁለት ደብል ነው፣ 16 ባይት። 10 ሺህ ጫፍ ያለው የአስተዳደር ወሰን 160 ሺህ ባይት ይሆናል። የወሰኖችን ስም በተቆልቋይ ዝርዝር ለማሳየት ብቻ «ፋይንድኦል» ከተጠራ 300 ወሰን 48 ሜጋባይት ይጭናል፣ ሁሉም ወደ ጄቲኤስ ኦብጀክት ተቀይሮ ሂፑ ላይ ይቀመጣል። በቤዚክ ፊልድ ላይ «ሌዚ» ብሎ መጻፍ ባይትኮድ ኤንሃንስመንት ከሌለ አይሠራም፣ ምልክቱ ቸል ይባላል። ቅርጹን በራሱ ሠንጠረዥና ኤንቲቲ ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ወይም ለዝርዝሩ መለያና ስም ብቻ የሚያወጣ ፕሮጀክሽን ጻፉ።

ለ«ይህ ነጥብ በየትኛው ወሰን ውስጥ ነው» ጥያቄ ትልልቅ ፖሊጎኖች የጂስትን ጥቅም ይበሉታል፤ ሳጥናቸው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ነጥብ ያልፋል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከ10 ሺህ ጫፍ ጋር ማስተያየት አለ። ኤስቲ_ሰብዲቫይድ ፖሊጎኑን እያንዳንዳቸው እስከ 256 ጫፍ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከፍለዋል። ቁርጥራጮቹን የወሰኑን መለያ አስይዛችሁ በሌላ ሠንጠረዥ አኑሩ፣ ፍለጋው በእነሱ ላይ ይሁን፣ ዋናው ቅርጽ ለሥዕል ይቆይ። ይህ የቁርጥራጭ ሠንጠረዥ ኤንቲቲ አያስፈልገውም።

ወሰን_አስማሪ
ለዚህ ሁለት ልጨምር። ድንበር ላይ ያረፈ ነጥብ በኤስቲ_ኮንቴይንስ «ውስጥ» አይባልም፣ በኤስቲ_ከቨርስ ይባላል። ለአገልግሎት ክልል ሁለተኛው ነው የሚፈለገው። ግን ከቨርስ ሲሆን የጋራ ድንበር ላይ ያለ ነጥብ ሁለት ወሰን ይመልሳል፤ ሪፖዚቶሪው አንድ ውጤት የሚጠብቅ ከሆነ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ማን እንደሚቀድም በኦርደር ባይ ወስኑና ሊሚት 1 አድርጉ።

ሁለተኛው፣ በተጠቃሚ እጅ የተሳለ ፖሊጎን ራሱን ያቋርጣል፣ እንደ ስምንት ቁጥር። ዳታቤዙ ሳያጉረመርም ይቀበለዋል፤ ከወራት በኋላ የሆነ ኤስቲ_ኢንተርሴክሽን ላይ «ቶፖሎጂ ኤክሴፕሽን» ሆኖ ይወጣል። በመግቢያው ላይ በጄቲኤስ «ኢዝቫሊድ» ፈትሹ፣ ኮለሙም ላይ ኤስቲ_ኢዝቫሊድን ቼክ ኮንስትሬይንት አድርጉ። ኤስቲ_ሜክቫሊድ ያስተካክላል፣ ነገር ግን ፖሊጎኑን መልቲፖሊጎን ሊያደርገው ስለሚችል ኮለሙና የጃቫው ፊልድ ከመጀመሪያው መልቲፖሊጎን ቢሆኑ ይሻላል።

ስኬማ_ጠባቂ
ስለ ኤንቲቲው አንድ ሳይነገር ማለፍ የሌለበት ነገር፦ የተጫነውን ጂኦሜትሪ ኮኦርዲኔት በቦታው አትቀይሩ። «መገኛ.ጌትኮኦርዲኔት().ሴትኤክስ(...)» ብትሉ ሀይበርኔት ለማነጻጸር የያዘውም ያንኑ ኦብጀክት ስለሆነ ልዩነት አያይም፣ አፕዴትም አይልክም። ስህተትም አይወጣም። አዲስ ፖይንት ፈጥራችሁ ሴተሩን ጥሩ።

ቴስቱን በተመለከተ ኤችቱ (በሜሞሪ የሚሠራ ቀላል ዳታቤዝ) ላይ አትመኑ፤ የጂኦግራፊ ካስትም የጂስት ፕላንም እዚያ የለም። ቴስትኮንቴይነርስን (ለቴስት እውነተኛ ዳታቤዝ በኮንቴይነር የሚያስነሳውን) በፖስትጂአይኤስ ኢሜጅ አስነሱ፣ ኢሜጁም የፖስትግሬስ ምትክ መሆኑን በ«አዝኮምፓቲብልሰብስቲትዩትፎር» ንገሩት። ያው ማይግሬሽን እዚያም ይሂድ። ፖስትጂአይኤስን ኤክስቴንሽን አድርጎ ለመፍጠር የሱፐርዩዘር መብት ስለሚፈልግ፣ በቴስት ያለፈ ማይግሬሽን መብቱ በተቀነሰ የፕሮዳክሽን ዩዘር ሊወድቅ ይችላል፤ ያንን መስመር ለይታችሁ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሰው ቀድሞ እንዲያስኬደው አድርጉ።

ነጥብ_ፈላጊ
ኢንዴክሱ ሠርቷል፣ «ኢንዴክስ ኮንድ» ታይቷል። አንድ እንግዳ ነገር ብቻ ቀረ፦ አፕሊኬሽኑ እንደተነሳ ፈጣን ነው፣ ጥያቄው ሲደጋገም ግን ይዘገያል። ያንኑ ኤስኪውኤል በፒኤስኪውኤል (በፖስትግሬስ የትእዛዝ መስመር) ሳስኬደው ሁልጊዜ ፈጣን ነው።

ወሰን_አስማሪ
የጄዲቢሲው ድራይቨር አንድ ፕሪፔርድ ስቴትመንት በዚያው ኮኔክሽን 5 ጊዜ ሲደገም ወደ ሰርቨር በኩል ስቴትመንት ይቀይረዋል። ፖስትግሬስ ደግሞ በፓራሜትሩ ልክ 5 ጊዜ ፕላን ካወጣ በኋላ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጄኔሪክ ፕላን ይይዝ እንደሆነ ያመዛዝናል። በጄኔሪኩ ውስጥ ማዕከሉም ራዲየሱም ስለማይታወቁ ስንት ረድፍ እንደሚመጣ ግምቱ ይሳሳታል። ፒኤስኪውኤል ላይ ቁጥሩን ቀጥታ ስለምትጽፈው ይህ አይታይህም።

ለማረጋገጥ በኮኔክሽኑ ላይ «ፕላን_ካሽ_ሞድ»ን «ፎርስ_ከስተም_ፕላን» አድርገውና እይ፤ ከፖስትግሬስኪውኤል 12 ጀምሮ አለ። መዘግየቱ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለቦታ ጥያቄ በየጊዜው ፕላን ማውጣት ዋጋው ትንሽ ነው፣ እንዲሁ ሊተው ይችላል።

ነጥብ_ፈላጊ
እሱው ነው፣ ጠፋ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ራዲየስ ሳልሰጥ ቅርብ የሆኑትን 10 ጣቢያዎች ብቻ ብፈልግስ?

ወሰን_አስማሪ
ራዲየሱን እያሰፉ መሞከር አያስፈልግም። በኦርደር ባይ ላይ የርቀቱን ኦፕሬተር «<->» በኮለሙ ጂኦግራፊና በማዕከሉ ጂኦግራፊ መካከል አድርግ፣ ሊሚት 10 ጨምር። ጂስቱ ከቅርቡ ጀምሮ ረድፎቹን በቅደም ተከተል ያወጣል፣ 10 ሲሞላ ያቆማል። ማዕከሉ ቋሚ ወይም ፓራሜትር ይሁን፤ ከሌላ ሠንጠረዥ በጆይን የሚመጣ ከሆነ «ላተራል» ውስጥ አስገባው።

እኩል ርቀት ያላቸውን ለመለየት ከርቀቱ ቀጥሎ መለያውን በኦርደር ባይ ብትጨምር ከፖስትግሬስኪውኤል 17 በፊት ባሉት ላይ ኢንዴክሱ ይቀርና ሠንጠረዡ በሙሉ ይደረደራል። በውስጠኛው ኩዌሪ በርቀት ብቻ 10 አውጣ፣ በውጪኛው በርቀትና በመለያ ደርድር።

ነጥብ_ፈላጊ
አሁን ሞከርኩት፤ ፕላኑ ላይ «ኢንዴክስ ስካን»፣ ከሥሩ «ኦርደር ባይ» የሚል መስመር፣ ከላዩ 10 ረድፍ ብቻ የሚደረድር «ሶርት»። የስፕሪንግ ዳታውን ፔጀብል (ገጽ መከፋፈያ) አውጥቼ ሊሚቱን በፓራሜትር ሰጥቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ከኔቲቩ ጋር የቆጠራ ኩዌሪ ጭምር ያስኬድ ነበር።